አንድ ድልድይ፣ አንድ ፋብሪካ፣ አንድ መብራት ኃይል

እ.ኤ.አ. በ1899 ከቻታኑጋ ከተማ የተነሡ ሁለት ጠበቆች አትላንታ ወርደው ከኮካ ኮላ ባለቤት ከኤሳ ካንድለር ጋር አንድ ውል ተፈራረሙ። ውሉ መጠጡን በጠርሙስ እየሞሉ በአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል እንዲሸጡ መብት የሚሰጥ ነበር፤ ዋጋው ደግሞ አንድ ዶላር። ካንድለር የጠርሙሱ ንግድ የትም አይደርስም ብሎ ስለገመተ ያችኑ አንድ ዶላር እንኳ አልተቀበለም ይባላል። ቤንጃሚን ቶማስ፣ ጆሴፍ ዋይትሄድ እና ትንሽ ቆይቶ የተቀላቀላቸው ጆን ሉፕተን ከዚያ ውል ያፈሩት ሀብት ግን ከመቶ ዓመት በኋላም ከተማዋ ውስጥ በዓይን ይታያል። መናፈሻ ሆኗል፣ የበጎ አድራጎት ገንዘብ ሆኗል፣ የወንዝ ዳር ግንባታ ሆኗል። የሉፕተን ቤተሰብ በ1986 የጠርሙስ ኩባንያውን መልሶ ለኮካ ኮላ ሲሸጥ ያገኘው ገንዘብ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር።

በአሜሪካ ደቡብ ያለች መካከለኛ ከተማን ኑሮ ለመረዳት ከዚህ ታሪክ መነሣት ይበጃል። መካከለኛ ከተማ የትልቅ ከተማ ትንሽ ግልባጭ አይደለችም፤ የራሷ አኗኗር አላት። ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ቢበለጽግ፣ አንድ ፋብሪካ ቢዘጋ፣ አንድ የመብራት ድርጅት ጥሩ ሥራ ቢሠራ አብዛኛው ነዋሪ ሳያውቀው ሊኖር ይችላል። በ2020 በተደረገው ቆጠራ 181 ሺህ ሰው በተመዘገበባት ቻታኑጋ ግን እንዲህ ያለው ነገር በየቤቱ በር ይገባል። ከተማዋ የቆመችው በጥቂት ምሰሶዎች ላይ ነው። አንዱ ምሰሶ ሲጸና ሁሉም ይደገፍበታል፣ ሲናጋ ደግሞ ሁሉም ይንቀጠቀጣል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቻታኑጋ የምትገኘው በቴነሲ ግዛት ደቡብ ምሥራቅ ጥግ፣ ከጆርጂያ ጋር በምትዋሰንበት ጠርዝ ላይ ነው። የቴነሲ ወንዝ በመሀሏ እየተጥመዘመዘ ያልፋል፤ ሉክአውት ተራራ፣ ሲግናል ተራራ እና ሚሽነሪ ሪጅ የተባለው ሸንተረር ከየአቅጣጫው ከበዋታል። መልክዓ ምድሩ ያምራል፤ አውትሳይድ የተባለው የጉዞና የስፖርት መጽሔት በአንባቢዎቹ ምርጫ ሁለት ጊዜ፣ በ2011 እና በ2015፣ አንደኛ ከተማ ብሏታል። ዓለት መውጣት፣ ታንኳ መቅዘፍና ብስክሌት መንዳት የሚወዱ ወጣቶች ከሥራ መልስ ጀምበር ሳትጠልቅ ተራራው ሥር ይደርሳሉ። እንዲህ ያለ ነገር በትልልቆቹ ከተሞች ለሚኖር ሰው የዓመት ዕረፍት የሚፈልግ ጉዳይ ነው።

እነዚሁ ተራሮች ግን በአንድ ወቅት መርገም ነበሩ። በ1969 የፌዴራል መንግሥት የአገሪቱን ከተሞች አየር ለክቶ የቻታኑጋን ከሁሉም የቆሸሸ ሆኖ አገኘው፤ የሲቢኤሱ ዜና አንባቢ ዋልተር ክሮንካይትም ይህንኑ ለመላው አሜሪካ አሰማ። የብረት ማቅለጫዎቹ፣ የኮክ ከሰል ምድጃዎቹና ሌሎቹ ፋብሪካዎች የሚለቁት ጭስ ከላይ ሞቃት አየር ስለሚጫነው ከተራሮቹ መካከል መውጫ ያጣ ነበር። በጠራራ ፀሐይ የመኪና መብራት አብርቶ መንዳት፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ቢሮ የገባ ሰው ለከሰዓት በኋላ ሌላ ቅያሪ መያዝ፣ የዚያ ዘመን ሰዎች ዛሬም የሚያነሡት ትዝታ ነው።

ከተማዋና ሃሚልተን ካውንቲ በዚያው ዓመት ጠንካራ የአየር ብክለት ደንብ አወጡ። ፋብሪካዎቹ እስከ 1972 ድረስ ማጣሪያ እንዲገጥሙ ቀን ተቆረጠላቸው፤ አብዛኞቹም ገጠሙ። አየሩ ጠራ። በሌላ በኩል ከውጭ የሚገባው ርካሽ ምርትና ያረጁ ማሽኖች ተደራርበው ማቅለጫዎቹን አንድ በአንድ አዘጉ፤ ሥራውም አብሮ ሄደ። በ1980 ከ169 ሺህ በላይ የነበረው ሕዝብ በ1990 ወደ 152 ሺህ ወረደ። ከአሥር ሰው አንዱ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ ማለት ነው። እንዲህ ያለ መመናመን በቁጥር ብቻ አይቀርም፤ የተዘጋ የሱቅ በር፣ ባዶ የቀረ የትምህርት ቤት ወንበር፣ አባትና ልጅ በየተራ የሠሩበት ፋብሪካ ዝገት ሆኖ በየዕለቱ ዓይን ውስጥ ይገባል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር መካከለኛ ከተማ ምን ማድረግ እንደምትችል ያሳያል። በ1984 ቻታኑጋ ቬንቸር የተባለ ድርጅት ተቋቁሞ ነዋሪው ከተማዋ በ2000 ምን እንድትመስል እንደሚፈልግ በየስብሰባው እየቀረበ እንዲናገር ጋበዘ። ከ1,700 በላይ ሰው ተሳተፈ፤ 40 ግቦች ተቀረጹ። የስብሰባውን ወጪ በመሸፈን ትልቁን ድርሻ የያዘው ሊንድኸርስት የተባለው የሉፕተን ቤተሰብ በጎ አድራጎት ድርጅት ነበር። ሰዉ የተናገረው ወረቀት ላይ አልቀረም። በ1992 በ45 ሚሊዮን ዶላር ወጪ የውኃ እንስሳት ማሳያ የሆነው የቴነሲ አኳሪየም ወንዙ ዳር ተከፈተ። በዚያው ዓመት በባትሪ የሚሄዱ ነፃ አውቶቡሶች መሀል ከተማውን ያመላልሱ ጀመር፤ ይህ የሆነው በኤሌክትሪክ የሚሄድ ተሽከርካሪ ለብዙው ዓለም ገና ሕልም በነበረበት ጊዜ ነው። ቀጥሎ ተራው የድልድዩ ሆነ።

የዋልነት ስትሪት ድልድይ በ1891 ተሠርቶ ያለቀ፣ ከ700 ሜትር በላይ የሚረዝም የብረት ድልድይ ነው። በ1978 ለመኪና አደገኛ ሆኗል ተብሎ ተዘጋ፤ ይፍረስ የሚል ሐሳብም በረታ። ነዋሪው ግን አይፈርስም ብሎ ተነሣ። ገንዘብ ያዋጣ ሰው ስሙ ድልድዩ ላይ እንዲጻፍለት ተደረገ፤ የመንግሥት ገንዘብም ተጨመረበትና በ1993 የእግረኛ ድልድይ ሆኖ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ሕፃን በጋሪ የሚገፋው፣ ከሥራ መልስ የሚሮጠው፣ ሙሽሮችን ፎቶ የሚያነሣው ሁሉ የሚገናኘው እዚያ የእንጨት ወለል ላይ ነው። ሰሜኑ ዳርቻ በሱቅና በምግብ ቤት ሞልቷል።

የድልድዩ ታሪክ ግን እዚህ አይጀምርም። በ1893 አልፍሬድ ብላውንት የተባለ ጥቁር ሰው በደቦ ፍርድ እዚያ ተሰቅሏል። በ1906 ደግሞ የኤድ ጆንሰን ተራ ሆነ። ጆንሰን አንዲት ነጭ ሴት ደፍሯል ተብሎ ተከሰሰ፤ በተጣደፈ ችሎት ሞት ተፈረደበት። ኖዋ ፓርደን እና ስታይልስ ሃቺንስ የተባሉ ሁለት ጥቁር ጠበቆች ጉዳዩን ይዘው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ። ፓርደን ዋሽንግተን ገብቶ ዳኛ ጆን ማርሻል ሃርላንን አስረዳ፤ ፍርዱም ታገደ። የእገዳው ዜና ቻታኑጋ በደረሰበት ሌሊት፣ መጋቢት 19 ቀን፣ ሕዝብ ወህኒ ቤቱን ሰብሮ ጆንሰንን አወጣና ድልድዩ ላይ ሰቀለው። ኤድ ጆንሰን በመጨረሻ ቃሉ ሕዝቡን መርቆ ንጹሕ ሰው እንደሆነ ተናገረ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትእዛዙ ስለተደፈረ ሸሪፍ ጆሴፍ ሺፕንና ግብረ አበሮቹን ራሱ ከሰሰ። በታሪኩ የወንጀል ክስ ራሱ አይቶ የፈረደው በዚህ ጉዳይ ብቻ ነው። በ1909 ሺፕ ጥፋተኛ ተብሎ 90 ቀን ተፈረደበት፤ ታስሮ ሲመለስ ግን በሺህ የሚቆጠር ሰው ባቡር ጣቢያ ወጥቶ እንደ ጀግና ተቀበለው። ሁለቱ ጠበቆች ሕይወታቸው አደጋ ላይ ስለወደቀ ከተማዋን ጥለው ሄዱ፤ አልተመለሱም። የጆንሰን ፍርድ የተሻረው በ2000 ነው፤ የሦስቱም ምስል የቆመበት መታሰቢያ በድልድዩ ደቡባዊ ጫፍ የተመረቀው ደግሞ በመስከረም 2021።

ይህን ማንሣት ያስፈለገው ያለፈ ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። በደቡብ ያለች መካከለኛ ከተማ ውስጥ መኖር ማለት የደስታውና የግፉ ቦታ አንድ የሆነበት ስፍራ ላይ መኖር ማለት ነው። ትልቅ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ታሪክ ከሌላ ሰፈር፣ ከሌላ ሕዝብ ጋር የተያያዘ ሊመስል ይችላል። እዚህ ግን ድልድዩ አንድ ነው፤ የሚሻገረው ሰው ሁሉ በዚያው ላይ ይሻገራል። ወንዙ ዳርም እንዲሁ ነው። አኳሪየሙ የቆመበት አካባቢ የቼሮኪ ሕዝብ አለቃ ጆን ሮስ የንግድ ጣቢያ የነበረበት ነው። በ1838 ቼሮኪዎች በወታደር እየተነዱ ከአገራቸው ሲወጡ ብዙዎቹ በጀልባ የተጫኑት ከዚሁ ነበር፤ ከተማዋ ቻታኑጋ በሚል ስም በሕግ የተቋቋመችው በማግስቱ ዓመት ነው። ዛሬ በዚያ ቦታ ላይ የቼሮኪ ሠዓሊዎች የሠሩት መታሰቢያ አለ፤ በበጋ ሕፃናት ይንቦጫረቁበታል።

ከጠርሙሱ ሀብትና ከድልድዩ ቀጥሎ ወደ ሦስተኛው ምሰሶ እንሻገር፤ መብራቱ ጋ። ኢፒቢ የሚባለው የከተማዋ የኤሌክትሪክ ድርጅት፣ የቻታኑጋ መብራት ኃይል ብንለው ይቀላል፣ በ1935 የተቋቋመ የሕዝብ ንብረት ነው። በ2009 ከፌዴራል መንግሥት 111.5 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ አግኝቶ፣ ብድርም ጨምሮበት፣ በአገልግሎት ክልሉ ሁሉ የፋይበር መስመር ዘረጋ። ዋናው ዓላማ መብራቱ ነበር። ማዕበል ዛፍ ጥሎ ሽቦ ሲበጥስ ከአንድ ሺህ በላይ የሆኑት አውቶማቲክ ስዊቾች በፋይበሩ እየተነጋገሩ የተበላሸውን ቦታ ብቻ ይለያሉ፤ ለሌላው ሰፈር መብራቱን በሌላ መስመር ያዞሩለታል። ነዋሪው የሚያየው አምፖሉ ብልጭ ብሎ ሲመለስ ነው። በ2020 በምዕራባውያኑ የፋሲካ ሌሊት ብርቱ አውሎ ነፋስ የከተማዋን ምሥራቃዊ ሰፈሮች ጠርጎ ሰውም ቤትም ሲያጠፋ የዚህ ሥርዓት ጥቅም ታይቷል፤ ጥገናው የቀናት ሥራ ቢሆንም ጨለማው ከተመታው አካባቢ አልፎ ከተማውን ሁሉ አልዋጠም።

ፋይበሩ ከተዘረጋ በኋላ ያንኑ መስመር ለኢንተርኔት መጠቀም ተገቢ ነበር። በ2010 ቻታኑጋ በሰከንድ አንድ ጊጋቢት የሚደርስ ኢንተርኔት ለየቤቱ በማቅረብ ከአሜሪካ ከተሞች ቀዳሚ ሆነች፤ በ2015 ወደ 10፣ በ2022 ወደ 25 ጊጋቢት አሳደገችው። የኬብል ኩባንያዎች ገና ከጅምሩ በፍርድ ቤት ሊያስቆሙት ሞክረው አልተሳካላቸውም። የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚስት ቤንቶ ሎቦ በሠሩት ጥናት መሠረት በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ፋይበሩ 2.69 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ጥቅም አስገኝቷል። ከዚህ ሁሉ ግን የሚበልጠው ምናልባት በ2020 የሆነው ነው። የኮቪድ ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ ኢፒቢና የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ተባብረው ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ለመጡ 28 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ነፃ ኢንተርኔት አቀረቡ። በሌሎች ከተሞች ልጆች ከምግብ ቤት በር ላይ ዋይፋይ ሲለቅሙ፣ እዚህ ድርጅቱ ቀድሞውኑ የከተማው ስለነበር ጉዳዩን ለመጨረስ የፈጀው ጊዜ አጭር ነበር። የሕዝብ ንብረት በሕዝብ እጅ ሲሆን ምን እንደሚመስል ለማየት የሚፈልግ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ወሰኑ ግን ወዲያው ይመጣል። የቴነሲ ግዛት ሕግ የከተማ መብራት ድርጅት ከኤሌክትሪክ ክልሉ ውጪ ኢንተርኔት እንዳይሸጥ ይከለክላል። ከመስመሩ ማዶ ያሉ የገጠር ጎረቤቶች ፋይበሩ ቤታቸው አጠገብ ቆሞ እያዩ በዘገምተኛ ግንኙነት መኖር ዕጣቸው ሆነ። ኢፒቢ ለፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን አቤት አለ፤ ኮሚሽኑም በ2015 ፈቀደለት። በ2016 የይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። በደቡብ ያሉ ከተሞች ደጋግመው የሚጋጩት ከዚህ ግድግዳ ጋር ነው፤ ከተማዋ ትችላለች፣ ትፈልጋለችም፣ የግዛቱ ምክር ቤት ግን አይፈቅድም። ዝቅተኛው የደመወዝ ወለልም እንዲሁ ነው። ቴነሲ የራሷ ወለል ስለሌላት የሚሠራው ከ2009 ጀምሮ ንቅንቅ ያላለው የፌዴራሉ 7.25 ዶላር በሰዓት ነው፤ ከተሞች ከዚያ ከፍ ያለ እንዳይደነግጉ ደግሞ በሕግ ተከልክለዋል።

አራተኛው ምሰሶ ፋብሪካው ነው። የመኪና አምራቹ ቮልስዋገን በ2008 ለፋብሪካው ቻታኑጋን መምረጡን ሲያስታውቅ ከተማዋ ከብዙ ዓመት በኋላ ትልቅ ዜና ሰማች። ቦታው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጦሩ ፈንጂ ይመረትበት የነበረ ሰፊ መሬት ነው። በ2011 ፓሳት የተባሉት የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ከመስመሩ ወጡ። ለፋብሪካው መምጣት ከደከሙት አንዱ ከ2001 እስከ 2005 ከንቲባ የነበሩት፣ የ120 ሚሊዮን ዶላሩን የወንዝ ዳር ግንባታ የመሩት ቦብ ኮርከር ናቸው። በኋላ ሴናተር ሆኑ። በ2014 የፋብሪካው ሠራተኞች ዩኤደብሊው በሚባለው የመኪና ሠራተኞች ማኅበር ለመደራጀት ድምፅ ሲሰጡ፣ ኮርከር ሠራተኛው እምቢ ካለ አዲስ የመኪና ሞዴል እንደሚመጣ ማረጋገጫ አለኝ ብለው በምርጫው መሀል ተናገሩ። ኩባንያው ሁለቱ ነገሮች እንደማይገናኙ ገለጸ። ውጤቱ 712 ለ626 ሆኖ ማኅበሩ ተሸነፈ። በ2019 በድጋሚ ተሞከረ፤ 833 ለ776፣ አሁንም ተሸነፈ።

በሁለቱ ምርጫዎች የታየውን የድምፅ ልዩነት ማስተዋል ጥሩ ነው፤ በመጀመሪያው 86፣ በሁለተኛው 57 ሰው ነው። በመካከለኛ ከተማ ውስጥ ሃምሳ ሰው ማለት የአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ወይም የአንድ ሰፈር የኳስ ቡድን አባላትና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። እዚያ የሚሠራ ሰው ከተቃወመው ባልደረባው ጋር እሑድ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ልጆቻቸው አንድ ክፍል ይማራሉ። ክርክሩ ፋብሪካው በር ላይ አያበቃም። ሚያዝያ 2024 ሦስተኛው ምርጫ ሲቀርብ ስድስት የደቡብ ግዛት አገረ ገዢዎች ማኅበሩን የሚቃወም የጋራ መግለጫ አወጡ። አርብ ሚያዝያ 19 ማታ ድምፁ ሲቆጠር ግን 2,628 ለ985 ሆነ፤ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው ይጠብቁ የነበሩት ሠራተኞች እያለቀሱ ተቃቀፉ። ከ1940ዎቹ ወዲህ በአሜሪካ ደቡብ በምርጫ የተደራጀ የመጀመሪያው የመኪና ፋብሪካ ይህ ሆነ። ከአሥር ዓመት በፊት የፈሩት ሰዎች ሐሳባቸውን የቀየሩት ከዋሽንግተን በመጣ ንግግር ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ይሆናል፤ በምሳ ሰዓትና በመኪና ማቆሚያ ላይ ለዓመታት የተካሄደ የጎረቤት ወሬ ያመጣው ለውጥ ነው ቢባል ይቀርባል።

የዕለት ኑሮው ብዙ የሚያጽናና ነገር አለው። ሥራ ቦታ ለመድረስ ብዙው ሰው ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። የማያውቁት ሰው መንገድ ላይ ሰላም ይላል፤ የሱቅ ገንዘብ ተቀባይዋ ሒሳቡን እየደመረች ስለ ልጆች ትጠይቃለች። ቻታኑጋ የመጽሐፍ ቅዱስ ቀበቶ በሚባለው አካባቢ መሀል ናት፤ በ2014 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት መጽሐፍ ቅዱስን በማንበብና በማመን ከአሜሪካ ከተሞች አንደኛ ወጥታለች። አዲስ የመጣ ጎረቤት ከሚቀርቡለት የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ የት ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ነው። እምነትን በአደባባይ ለመኖር ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ አይደለም፤ እንዲያውም ከሲያትል ወይም ከቦስተን ይልቅ አገሩን የሚያስታውሰው እዚህ ነው። ሐምሌ ሲገባ ግን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፣ አየሩ በእርጥበት ይከብዳል፣ ኩድዙ የተባለው ከእስያ የመጣ ሐረግ ዛፉንና የስልክ እንጨቱን አልብሶ ይውጠዋል፤ ሰዉም ከቤት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሱቅ፣ ከአንዱ ኤር ኮንዲሽነር ወደ ሌላው እየሸሸ ይከርማል።

መኪና የሌለው ሰው ግን ሌላ ከተማ ውስጥ ነው የሚኖረው። ከመሀል ከተማው አካባቢ ሲወጣ አውቶቡሱ እየራቀ ይመጣል፤ የእግረኛ መንገድ በብዙ ሰፈር ጭራሽ የለም። የዴሊቨሪና የሌሊት ፈረቃ ሥራ ያለው ሰው ደመወዙን ከማየቱ በፊት የመኪናውን ወጪ ማየት አለበት። ግብሩም የደሃውን ኪስ ይነካል። ቴነሲ ከደመወዝ ላይ ግብር አትቆርጥም፤ ይህ ብዙ ሰው ወደዚያ እንዲሄድ የሚያደርግ ነገር ነው። በምትኩ ሃሚልተን ካውንቲ ውስጥ የሚገዛ ዕቃ ላይ 9.25 በመቶ፣ ምግብ ላይ ደግሞ 6.25 በመቶ የሽያጭ ታክስ ይከፈላል። ወር እስከ ወር የሚያገኘውን ሁሉ ለፍጆታ የሚያውል ሰው ከገቢው የሚከፍለው ድርሻ ከሀብታሙ ይበልጣል። ከደመወዝ የማይቆረጥ ግብር የሚያስደስተው ደመወዙ ትልቅ የሆነውን ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪው ደግሞ ቻታኑጋ የመንገድ ከተማ ናት። ሰፊው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ያለው ከሁለት ሰዓት ያነሰ መንገድ በሚወስደው በአትላንታ ዙሪያና ሁለት ሰዓት ገደማ በሚርቀው ናሽቪል ነው። ቻታኑጋ የሚኖር ሰው ለጤፍ፣ ለበርበሬ፣ ለሠርግና ለለቅሶ መንገድ ይገባል። ናሽቪል ሰዓቷ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ እሑድ ጧት ለቅዳሴ የሚነሣ ሰው ልዩነቱ ያግዘዋል፤ ሲመለስ ያችኑ ሰዓት ይከፍላል። ከባድ መኪና የሚነዱት የአገር ልጆች ከተማዋን የሚያውቋት በሌላ በኩል ነው። ከናሽቪል አይ 24 በተባለው አውራ ጎዳና ሲመጡ ሞንቲግል ተራራን መውረድ አለ። ቁልቁለቱ ረጅምና ቀጥ ያለ በመሆኑ ፍሬን እምቢ ላለው መኪና በጠጠር የተሞላ ማምለጫ መንገድ ተሠርቶለታል፤ ልምድ ያለው ሾፌር ገና ከጫፉ ማርሹን አሳንሶ ነው የሚጀምረው። ቁልቁለቱ አልቆ፣ መንገዱ ትንሽ ጆርጂያን ነክቶ ተመልሶ፣ ወንዙ በሉክአውት ተራራ ሥር ሲታይ ቻታኑጋ ደረሰ ማለት ነው። ብዙዎቹ ግን አይቆሙም፤ አይ 24 ከአይ 75 የሚገናኝበት መጨናነቅ ላይ ጥቂት ታግሠው ወደ አትላንታ ያልፋሉ።

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀው ዛሬ የቤት ጉዳይ ነው። ከተማዋ ስትታደስ ሰው መጣ፤ ወረርሽኙ ደግሞ በርቀት የሚሠሩትን በፈጣኑ ኢንተርኔትና በተራራው ስቦ ጨመረ። የካሊፎርኒያ ወይም የኒውዮርክ ደመወዝ ይዞ የመጣ ሰው ርካሽ የሚለው ኪራይ በሆቴል ወይም በአረጋውያን ቤት ለሚሠራ ሰው የማይቀመስ ሆነ። ወንዙ ዳር ያማረው ነገር ሁሉ የተሠራው ሰው ከተማዋ ውስጥ እንዲቆይ ተብሎ ነበር፤ ያ ውበት በራሱ ነባሩን ነዋሪ ወደ ዳር መግፋት ጀመረ።

ዌስትሳይድ የሚባለው ሰፈር የዚህ ጉዳይ ዋና ማሳያ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ የከተማ ማደስ በሚል ስም ብዙ ጥቁር ቤተሰቦች የሚኖሩበት ይህ ሰፈር ፈረሰ። ካሜሮን ሂል የተባለው ኮረብታ አናቱ ተቆርጦ አፈሩ ለአውራ ጎዳናው መደልደያ ሆነ፤ ዛሬ እዚያ ላይ የቴነሲ ብሉክሮስ ብሉሺልድ የጤና መድን ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ተንጣሎ ይታያል። ከኮረብታው ሥር በ1940 የተሠራው ኮሌጅ ሂል ኮርትስ የተባለው የመንግሥት ቤት አለ። ዌስትሳይድ ኢቮልቭስ የተባለ አዲስ ዕቅድ ይህን አሮጌ ግቢ በምዕራፍ እያፈረሰ በአዲስ ለመተካት ተነሥቷል። ለእያንዳንዱ የሚፈርስ ቤት ሌላ እንደሚተካ፣ ነዋሪውም የመመለስ መብት እንዳለው በዕቅዱ ላይ ሰፍሯል።

ቃሉ ጥሩ ነው፤ ሰፈሩ ግን ከዚህ ቀደም ሰምቶ ያየው ስላለ በቃል ብቻ አይረካም። ኢፒቢ መብራት የጠፋበትን ሰፈር በካርታ ላይ ለሕዝብ በቀጥታ ያሳያል፤ ስንት ቤት እንደጨለመ ማንም ሰው ስልኩ ላይ ያያል። ከዌስትሳይድ ስንት ቤተሰብ እንደወጣ፣ ስንቱ እንደተመለሰ፣ ስንቱ እስካሁን እንደሚጠብቅ በዚያው መልክ በየወሩ ለሕዝብ ቢወጣ ለማንም አይከብድም። 181 ሺህ ሰው ባለባት ከተማ ውስጥ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ስም የሚታወቅ ነውና ቁጥሩን የሚያጣራ ጎረቤት አይጠፋም።